ማተሚያው ሲሳሳት፦ በጠገራ ብር ላይ የሚነበበው ስሕተት

ከአረካ የመጣ አንድ ተማሪ ከትምህርት በኋላ ወደ ቤተ ሙከራ ገብቶ በመሐረብ የተቋጠረ አንድ ጠገራ ብር ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ብሩ የአያቱ ነው። «መምህር፣ በላዩ 1780 ይላል። አንድ ነጋዴ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ነው፣ በክንፉ ላይ ያለው መስመርም የፋብሪካ ስሕተት ስለሆነ ዋጋው ይበልጣል ይላል። አንጥረኛው ደግሞ ተራ ብር ነው፣ አቅልጬ የአንገት ጌጥ ላድርገው ይላል። ማንኛውን እንመን?» ሲል ጠየቀ።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን መልስ ለመስጠት ጥቂት ፊዚክስ፣ ጥቂት ታሪክና ጥቂት የስታቲስቲክስ ዕውቀት ያስፈልጋል። ብሩ ከቀለጠ በኋላ ደግሞ ጥያቄውን የሚመልስ ማስረጃ አይገኝም። በዚህ ጽሑፍ የብረት ገንዘብ እንዴት እንደሚታተም፣ ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣና እውነተኛውን የማተሚያ ስሕተት ከተራ ጉዳት እንዴት መለየት እንደሚቻል ለመዳሰስ እንሞክራለን።

ከቀጥቃጩ መዶሻ እስከ ማተሚያው ብረት

እንደሚታወቀው የወላይታ ሕዝብ በራሱ ነገሥታት ይተዳደር በነበረበት ዘመን ማርጩዋ የሚባል፣ ከብረት የተሠራ መገበያያ ነበረው። በመዶሻ የሚሠራ ነገር ሁሉ አንዱ ከሌላው በጥቂቱ ይለያል። ቀጥቃጩ ዛሬ አንዱን ቢያጣምም ጥመቱ የዚያ የአንዱ ብቻ ነው፤ ነገ ወደሚሠራው አይተላለፍም።

የታተመ ገንዘብ ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። አስቀድሞ በጠንካራ አረብ ብረት ላይ ምስሉና ጽሑፉ ተገልብጦ፣ ወደ ውስጥ ጎድጉዶ ይቀረጻል። ይህንን የማተሚያ ብረት ባለሙያዎች «ዳይ» ይሉታል። ሁለት ዳዮች፣ አንዱ ለፊት ገጽ ሌላው ለጀርባ፣ በማተሚያው መኪና ላይ ትይዩ ሆነው ይገጠማሉ፤ በመካከላቸው ያልታተመ ክብ ብር ይገባና በከፍተኛ ኃይል ይጨመቃል። ብሩ በዳዩ ጉድጓዶች ውስጥ ይፈስና ምስሉን ይይዛል። በዳዩ ላይ የጎደጎደው በሳንቲሙ ላይ ከፍ ብሎ ይወጣል ማለት ነው።

በኋለኞቹ ዘመናት ደግሞ ከዳዩ በፊት አንድ ተጨማሪ ትውልድ አለ። ምስሉ ከፍ ብሎ የተቀረጸበት እናት ቅርጽ ይዘጋጅና እርሱ ለስላሳ ብረት ላይ እየተጫነ ብዙ ዳዮችን ይወልዳል፤ ዳዮቹም ከጠነከሩ በኋላ እያንዳንዳቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ሳንቲሞችን ያትማሉ።

በወላይታ ላደገ አንባቢ ይህንን የዘር ሐረግ በእንሰት መመሰል ይቻላል። በእንሰት ምርምሩ የሚታወቀው የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል ባለበት አገር ምሳሌው እንግዳ አይሆንም። ከአንድ አምቾ የሚበቅሉ ችግኞች ሁሉ የእናታቸውን ባሕርይ ይወርሳሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ችግኝ ከተተከለ በኋላ ቅጠሉን ከብት ቢበላው ግን ጉዳቱ የእርሱ ብቻ ነው። በገንዘብም እንዲሁ ነው። እናት ቅርጹ ላይ ያለ ስሕተት በዳዮቹ ሁሉ ይታያል፤ በአንድ ዳይ ላይ ያለ ስሕተት ዳዩ ባተማቸው ሳንቲሞች ሁሉ ላይ ይደገማል፤ በአንድ ምት ጊዜ የደረሰ አደጋ (ለምሳሌ ብሩ በትክክል ሳይቀመጥ መታተሙ) በአንዱ ሳንቲም ላይ ብቻ ይቀራል። ሳንቲሙ ከማተሚያ ቤት ከወጣ በኋላ የሚደርስበት ጭረት፣ ቀዳዳና ግጭት ደግሞ የስሕተት ወገን ሳይሆን ጉዳት ነው።

ሰብሳቢውም ሆነ የታሪክ ተመራማሪው ከሁሉ አብልጦ የሚፈልገው በዳዩ ላይ የተፈጠረውን ስሕተት ነው። ምክንያቱም የሚደገም ስሕተት ምስክር ነው። ሁለት ሰዎች በተለያየ አገር የያዟቸው ሁለት ሳንቲሞች በአንድ ብረት መታተማቸውን የሚያረጋግጠው እርሱ ነውና።

የፊላደልፊያ ትምህርት

ዳይን የማጥናት ሙያ እጅግ ከዳበረባቸው ዘርፎች አንዱ የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የብር ሳንቲሞች ጥናት ነው። የፊላደልፊያው ማተሚያ ቤት በ1790ዎቹ ሥራ ሲጀምር ዳዮቹ ከሞላ ጎደል በእጅ ይሠሩ ነበር። ቀራጩ እያንዳንዱን ፊደል፣ ቁጥርና ኮከብ ለብቻው በመምቻ እየመታ ያስገባል። እጅ ደግሞ ይሳሳታል።

በ1807 እ.ኤ.አ. ከወጡት የግማሽ ዶላር ዳዮች በአንዱ ላይ ቀራጩ «50» ማለት ሲገባው «20» ብሎ መታ፤ ስሕተቱን አይቶም በላዩ «50» አሳረፈበት። ይሁን እንጂ የፊተኛዋ «2» ከ«5»ቷ ሥር ዛሬም ትታያለች። በ1796ቱ አምስት ሳንቲም ላይ ደግሞ ነጻነት የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሦስተኛ ፊደል የሆነችው «ቢ» በተበላሸ መምቻ ስለተመታች «ኬ»ን መስላ ቀረች፤ ቃሉም «ሊበርቲ» መሆኑ ቀርቶ «ሊከርቲ» ተብሎ ይነበባል። አረብ ብረት ውድ፣ ዳይ መቅረጽም አድካሚ ስለነበር ማተሚያ ቤቱ እንዲህ ያለውን ዳይ አይጥልም ነበር። ዓመቱ ያለፈበትን ዳይ እንኳ ቁጥሩን በላዩ እየመታ ይጠቀምበት ነበር። ለዚህ ነው የ1802 ዶላር አንዳንዱ ከ«2» ሥር «1» የሚታይበት።

ከሁሉ ይልቅ አስተማሪው ግን የ1794ቱ ዶላር ነው። ጥቅምት 15 ቀን 1794 እ.ኤ.አ. 1,758 ዶላሮች ተቆጥረው ከማተሚያ ቤቱ ወጡ። የታወቁት ሁሉ በአንድ ጥንድ ዳይ የታተሙ ናቸው። የዳዮቹ ገጾች በትክክል ትይዩ ስላልነበሩና መኪናውም ለዚህን ያህል ትልቅ ሳንቲም የተሠራ ስላልነበረ በግራ በኩል ያሉት ኮከቦችና የዓመቱ ቁጥር ደክመው ታተሙ። ይህንን የማያውቅ ሰው በአገልግሎት ብዛት የተፋቀ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ድክመቱ በሁሉም ላይ በአንድ ወገን መደገሙ ከመኪናው የመጣ መሆኑን ይመሰክራል። ከእነዚህ ዶላሮች አንዱ፣ እጅግ በጥሩ ሁኔታ የተጠበቀው፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጧል። አንባቢ ግን አይሳሳት፤ ዋጋውን ያስገኘው ስሕተቱ ሳይሆን ቀዳሚነቱ፣ ብርቅነቱና አያያዙ ነው። ስሕተት ያለበት ነገር ሁሉ ውድ ነው የሚለው እምነት ብዙ ሰው ገንዘቡን ያጣበት ነው።

የአሜሪካ ሰብሳቢዎች እነዚህን ልዩነቶች እያወዳደሩ ከ1794 እስከ 1836 እ.ኤ.አ. የወጡትን የግማሽ ዶላር ዳዮች በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥንዶች አድርገው መድበዋቸዋል። አብዛኛው ሥራ የተሠራው በታላላቅ ተቋማት ሳይሆን አጉሊ መነጽርና ደብተር በያዙ ግለሰቦች ነው። ለእኛ አገር ተማሪም ይህ ደስ የሚያሰኝ ዜና ይመስለኛል።

በእኛ እጅ ያለው ብር

ኢትዮጵያ ዳይን የምታውቀው ከአሜሪካ ከአንድ ሺህ አራት መቶ ዓመት በላይ ቀድማ ነው። የአክሱም ነገሥታት ከሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ወርቅ፣ ብርና መዳብ አትመዋል። በኋለኞቹ የአክሱም ሳንቲሞች ላይ የግሪክኛው ጽሑፍ ፊደል እየተዛባ፣ እየጎደለም ሄዷል። ቀራጮቹ ቋንቋውን እየረሱ ቅርጹን ብቻ ይገለብጡ እንደነበር ከዚህ እንረዳለን። የፊደል ግድፈት የአንድ ቋንቋ መዳከም ማስረጃ ሆነ ማለት ነው።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ በወላይታ ታሪክ ልብ ሊባል የሚገባው ግጥምጥሞሽ እናገኛለን። የንጉሥ ጦና መንግሥት በዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት የተሸነፈው በ1887 ዓ.ም. ነው። ፓሪስ ላይ የታተመው የመጀመሪያው የምኒልክ ብርም የተሸከመው ዓመት ይኸው በግዕዝ አኃዝ የተጻፈው ፲፰፻፹፯ ነው። ያ ብር፣ አላዱና ሩቡ ከነ ግርሹ፣ ለወላይታ ከአዲስ ግብርና ከአዲስ አገዛዝ ጋር የመጡ ነበሩ። የፓሪሱ ማተሚያ ቤት ምልክት የሆነችው «ኤ» የምትባል ትንሽ የላቲን ፊደልም በሳንቲሙ ላይ ትገኛለች።

ስለ ምኒልክ ብር አንድ ነገር እዚህ ላይ ማንሳት ይገባል። በ1887 እና በ1889 ብሮች ላይ ያለው አንበሳ የግራ የፊት እግሩን ያነሣል፤ በ1892 እና በ1895 ብሮች ላይ ግን የቀኙን። አንዳንድ ሻጮች አንዱን «የተሳሳተ አንበሳ» እያሉ ዋጋ ይጨምሩበታል። ይህ ግን የንድፍ ለውጥ እንጂ ስሕተት አይደለም። ተፈልጎ የተለወጠና ሳይፈለግ የተለወጠ ነገር መለየት አለባቸው። በተፋቀ ብር ላይ ፯ እና ፱ን መለየትም ያለ አጉሊ መነጽር ያስቸግራል፤ በዚህ ምክንያት የ1889ን ብር እንደ 1887 የሚሸጥ አይጠፋም።

የምኒልክ ብር ግን በገበያ ላይ ጠገራ ብርን ሊያሸንፍ አልቻለም። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ይህ ብር በኢትዮጵያ እጅግ ከመለመዱ የተነሣ ሕዝቡ በንግሥቲቱ ዘውድ ላይ ያሉትን ፈርጦች እየቆጠረ፣ ከደረቷ ሥር ያሉትን «ኤስ» እና «ኤፍ» የሚሉ ሁለት ፊደላት እየፈለገ ይቀበለው ነበር። ፊደላቱ የጉንዝቡርግ ማተሚያ ቤት ሹማምንት የነበሩት የሾብልና የፋቢ ስም መነሻ ናቸው። እንግዲህ አባቶቻችንና እናቶቻችን ዛሬ የዳይ ጥናት የምንለውን ሥራ በገበያ መካከል ይሠሩት ነበር ማለት ማጋነን አይሆንም።

ችግሩ ዓመቱ ላይ ነው። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ከሞተች በኋላ ነጋዴዎች የለመዱትን መልክ ስለፈለጉ ብሩ ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ 1780 እየተባለ ታተመ። ቪየና፣ ቬኒስና ሚላን አትመውታል። በ1935 እ.ኤ.አ. የሙሶሊኒ መንግሥት ለኢትዮጵያ ወረራ ሲዘጋጅ የማተም መብቱን ከኦስትሪያ ወስዶ በሮም ማተም ጀመረ። በምላሹም ለንደን፣ ፓሪስና ብራስልስ፣ በጦርነቱም ጊዜ ቦምቤ፣ የየራሳቸውን ዳይ ቀርጸው አተሙ። በጠቅላላው ከ300 ሚሊዮን በላይ እንደታተመ ይገመታል። ስለዚህ 1780 የሚለው ቁጥር የታተመበትን ዘመን ፈጽሞ አይነግረንም። የሚነግረን በየማተሚያ ቤቱ የሚለያየው ዝርዝር ነው፤ የንስሩ የጭራ ላባዎች፣ የትከሻዋ ፈርጥ ቅርጽ፣ የጠርዙ ጌጥና ጽሑፍ፣ የዳዩም ስንጥቅ።

በኢትዮጵያ ዶላር የተተካው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው። በነገራችን ላይ ከዚያ ጋር የመጣው የብር ሃምሳ ሳንቲም ራሱ የተመታው በፊላደልፊያ ነው፤ ከላይ በተነገረላት በዚያችው ከተማ። በላዩ የተጻፈው 1936 ዓ.ም.ም እንደ ጠገራው ቁጥር ለዓመታት ሳይለወጥ ቆይቷል። ከመዳብ የተሠራውን ክብ ሃያ አምስት ሳንቲም ብር እየቀቡ እንደ ሃምሳ ሳንቲም የሚያሳልፉ ሰዎች በመነሣታቸው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጠርዙ እንደ አበባ ተሸንሽኖ እንዲወጣ ተደረገ። የዛሬ ወጣት ጠርዘ ሽንሽኑን ሲያገኝ «የተበላሸ ነው» ይላል፤ ነገሩ ግን መከላከያ ነበር።

ብሩን ወደ ቤተ ሙከራ

ወደ አረካው ብር እንመለስ። የመጀመሪያው ጥያቄ ስሕተት አለበት ወይ የሚል ሳይሆን ብር ነው ወይ የሚል መሆን አለበት። ጠገራ ብር አዲስ ሳለ 28.07 ግራም ይመዝናል፤ ከ1,000 እጁ 833ቱ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። የብር ጥግግት በኩብ ሴንቲ ሜትር 10.49፣ የመዳብ 8.96 ግራም ስለሆነ የድብልቁ ጥግግት እንዲህ ይሰላል፦

1 ÷ (0.833/10.49 + 0.167/8.96) = 10.2 ግራም በኩብ ሴንቲ ሜትር

የምኒልክ ብርም 835 ከሺህ በመሆኑ ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። ይህንን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ውኃ ያለበትን ብርጭቆ በኤሌክትሮኒክ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ሚዛኑን ወደ ዜሮ መመለስ፤ ከዚያም ብሩን በቀጭን ክር አንጠልጥሎ ሙሉ በሙሉ ማጥለቅ፤ ነገር ግን የብርጭቆውን ግድግዳም ሆነ ታች እንዳይነካ መጠንቀቅ። ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር በብሩ የተገፋው ውኃ ክብደት ነው። አርኪሜድስ ይህንኑ ነግሮናል። አንድ ግራም ውኃ አንድ ኩብ ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ይዘቱን አገኘን ማለት ነው።

የተማሪው ብር በአየር ላይ 27.82 ግራም መዘነ፤ የገፋው ውኃ 2.73 ግራም ሆነ። ሲካፈል 10.19 ይመጣል። የጎደለው ሩብ ግራም በአገልግሎት የተፋቀው ነው፤ መፋቅ ክብደትንና ይዘትን አብሮ ስለሚቀንስ ጥግግቱን አይለውጠውም። ብሩ ከመዳብና ኒኬል ድብልቅ የተሠራ ቢሆን ኖሮ ጥግግቱ 8.9 አካባቢ፣ ከእርሳስ ቢሆን 11.3 ይሆን ነበር። ይሁንና እርሳስንና ቀላል ብረትን በልክ ደባልቆ 10.2ን የሚያስመስል ብልጥ ሊኖር ስለሚችል ይህ ፈተና ሐሰተኛውን ይጥላል እንጂ እውነተኛውን ብቻውን አያጸድቅም።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ መስመሩ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ሕግ ብቻ ማስታወስ ይበቃል። ዳዩ ሲሰነጠቅ ብሩ ወደ ስንጥቁ ይፈስሳል፤ ስለዚህ የዳይ ስንጥቅ በሳንቲሙ ላይ ከፍ ያለ መስመር ሆኖ ይታያል። ሳንቲሙ ራሱ ሲጫር ግን መስመሩ ይጎደጉዳል። የዳይ ቁራጭ ተሰብሮ ከወደቀ በጠርዙ አካባቢ ቅርጽ የሌለው እብጠት ይወጣል። ሁለቱ ዳዮች በመካከላቸው ብር ሳይኖር ከተጋጩ ደግሞ የአንዱ ምስል ጥላ በሌላው ላይ ይቀራል። ከፍታና ጉድጓድን ለመለየት ብርሃኑን ከጎን፣ በጣም ዝቅ አድርጎ ማብራትና ብሩን ማዞር ያስፈልጋል። ከላይ በቀጥታ የሚመጣ ብርሃን ዓይንን ያታልላል።

በተማሪው ብር ላይ ሁለት መስመሮች ነበሩ። በንግሥቲቱ አንገት ላይ ያለው ጎድጓዳ ነው፤ ጭረት ነው፣ ምናልባትም የቢላዋ። ከጠርዙ ተነሥቶ በንስሩ ክንፍ ላይ የሚያልፈው ግን ከፍ ያለ ነው፤ በክንፉ ላባዎች መካከልም ሳይቋረጥ ይዘልቃል። ነጋዴው ስለ ዓመቱ ቢሳሳትም ስለዚህኛው መስመር እውነቱን ነበር።

ስንጥቅ ደግሞ ያድጋል። ዳዩ አዲስ ሳለ መስመሩ የለም፤ ጥቂት ሺህ ምት በኋላ ከጠርዙ ይጀምራል፤ ከዚያም ክንፉን ያልፋል፤ በመጨረሻ ዳዩ ይሰበራል። በአንድ ዳይ የታተሙ ሦስት ብሮች ቢገኙና የስንጥቃቸው ርዝመት ቢለያይ ሁሉም 1780 ቢሉም የትኛው ቀድሞ የትኛው ተከትሎ እንደታተመ በቅደም ተከተል ልናስቀምጣቸው እንችላለን። ቁጥሩ የሸሸገውን ጊዜ ስንጥቁ ይገልጠዋል።

ስንት ዳይ ነበረ?

ለሒሳብ አፍቃሪዎች አንድ ነገር እንጨምር። ከወላይታ ልዩ ልዩ ቀበሌዎች 40 ጠገራ ብር አይተን ፎቶግራፍ አነሣን እንበል። የጀርባቸውን ዳይ ስናወዳድር 16 ልዩ ልዩ ዳዮች አገኘን፤ ከእነዚህም 10ሩ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ታይተዋል (ቁጥሮቹ ለምሳሌ የቀረቡ ናቸው)። ጉድ የተባለው እንግሊዛዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ በ1953 እ.ኤ.አ. ያሳተመው፣ ከአላን ቱሪንግ ሐሳብ የመነጨ ቀመር እንዲህ ይላል፦ ካየናቸው ሳንቲሞች ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የታዩትን ዳዮች ቁጥር ለጠቅላላው አካፍሎ ከአንድ መቀነስ። 1 − 10/40 = 0.75። ይህም ማለት በአካባቢው ካሉት ብሮች ወደ 75 ከመቶ የሚሆኑት አስቀድመን ባየናቸው ዳዮች የታተሙ ናቸው፤ የሚቀጥለው የምናገኘው ብር አዲስ ዳይ የማሳየት ዕድሉ ሩብ ያህል ነው። ይኸው ቀመር በሥነ ሕይወት ያልታዩ ዝርያዎችን ለመገመት ያገለግላል።

ስሌቱ የሚሠራው ብሮቹ ሳይመረጡ ከተሰበሰቡ ብቻ ነው። አንጥረኛ አስቀድሞ የተፋቁትን መርጦ አቅልጦ ከሆነ፣ ወይም ነጋዴ «ስሕተት ያለባቸውን» ለቅሞ ከወሰደ፣ የቀረው ናሙና ያዘነበለ ይሆናል። አንድ ብር መቅለጡ የሚያሳስበንም በዚህ ነው። በጌጥነት ቢውል የብሩ ዋጋ ይቀራል፤ የሮም ብር በወላይታ ስንት ነበር፣ የለንደኑስ መቼ ደረሰ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ግን በእሳት ይሄዳል። በወረቀት የተጻፈ መዝገብ በሌለበት አካባቢ ደግሞ ሌላ ምስክር ብዙ አይገኝም።

ተማሪው የተነገረው ይህ ነው። ብሩ በጥግግቱ እንደ ጥሩ ብር ነው፤ 1780 መባሉ ዕድሜውን አያረጋግጥም፤ በክንፉ ላይ ያለው እውነተኛ የዳይ ስንጥቅ ነው፤ ዋጋው ግን በዚህ ምክንያት ብዙ አይጨምርም፤ ጠገራ ብር በዓለም እጅግ ብዙ ነውና። በሎሚም ሆነ በአመድ መታጠብ የለበትም፤ ማጽዳት የላይኛውን ሽፋንና ቀጫጭን የዳይ ምልክቶችን አብሮ ይፍቃል። አሮጌ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 209/1992 መኖሩንም ነጋዴው ሳይነግረው አልቀረም ብለን እንተወው።

ከዚያም በደብተሩ አንድ ገጽ ላይ እንዲህ ጻፈ፦ ክብደት 27.82 ግራም፤ የተገፋ ውኃ 2.73 ግራም፤ ከፍ ያለ መስመር በንስሩ ክንፍ፣ ከጠርዙ 11 ሚሊ ሜትር፤ ጎድጓዳ ጭረት በአንገት፤ የተነቀለ ማንጠልጠያ ምልክት ከላይ። «ከየት ተገኘ» የሚለውን ቦታ ባዶ ተወው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ አረካ ሄዶ አያቱን እስኪጠይቅ ድረስ።